ዝገት ከጀርባ ነው የሚመጣው፦ ስለ መኪና ላሜራ ብየዳ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሰው ሰው ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔም ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። ሦስተኛው «አንተስ ምን ትላለህ?» የምትል ጥያቄ አክሎበታል። ጽሑፉ የዛገ የመኪና ላሜራን በብየዳ ጠግኖ ከዝገት «ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ» ስለመገላገል ነው። አቀራረቡ ቀላል ነው፣ ፎቶዎቹም ያማልላሉ። ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ። ከመጀመሪያው ፎቶ እስከ መጨረሻው የሚታየው የላሜራው ፊት ነው። ጀርባውን የሚያሳይ አንድም ፎቶ የለም።

የእኔም ቅሬታ ከዚሁ ይነሳል።

መጀመሪያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። እንዲህ ይላሉ። ዝገት የሚጀምረው የውጭው ቀለም ሲጫር ነው፤ ስለዚህ ቀለሙ ደህና ከሆነ ላሜራው ደህና ነው። ቀዳዳ ከተፈጠረ ከቀዳዳው ትንሽ ሰፋ ያለ ላሜራ ከላይ ደርቦ ዙሪያውን ሳያቋርጡ መበየድ ነው፤ ብየዳው ዞሮ ከገጠመ ውሃ መግቢያ የለውም። ላሜራው ወፍራም ቢሆን ይመረጣል፤ እሳቸው 2 ሚሊ ሜትር ይመክራሉ። ከብየዳው በፊት ዚንክ ያለበት ስፕሬይ ከተነፋ የውስጡ ነገር አለቀ። ከዚያ በግራይንደር አስተካክሎ ስቱኮ መቀባት ነው፤ ስቱኮው ራሱ ውሃ አያሳልፍም። ዝገቱ ገና ካልበሳ ደግሞ ዝገት ለዋጭ ፈሳሽ ይቀባል፤ ፈሳሹ ዝገቱን ወደ ብረት ይመልሰዋል። በመጨረሻ ከስር ካትራም መለበጥና ውሃ እንዳይገባ ቀዳዳዎቹን ሁሉ መድፈን።

ከእነዚህ ውስጥ ጭራሽ ቅዠት የሆነ የለም። ሁሉም ውስጥ ትንሽ ትንሽ እውነት አለ። ሰው የተቀበለውም ለዚህ ይመስለኛል። ስለ ጥንቃቄ የጻፉትን ክፍል ደግሞ ሳልጨምር ሳልቀንስ እቀበለዋለሁ። ከብየዳ በፊት ባትሪ ይነቀል፣ ምንጣፍና ስፖንጅ ይነሳ፣ እሳት ማጥፊያ ከአጠገብ አይራቅ። ልክ ናቸው። እዚህ ላይ ጠብ የለንም።

ጠባችን የሚጀምረው ከቀለሙ ነው።

ድንጋይ ፈንጥሮ ቀለም የጫረበት ቦታ ይዝጋል፤ ይህ እውነት ነው። ኮፈን ላይ የምናያቸው ቡናማ ነጠብጣቦች እንዲህ የመጡ ናቸው። ግን እነሱ የዋሆቹ ናቸው። ይታያሉ፣ ይፋቃሉ፣ ይቀባሉ። በርን ከታች በኩል የሚበላው፣ ከበር ስር ያለውን መርገጫ የሚያረግፈው፣ ከኋላ ጎማ በላይ ያለውን ቅስት የሚያሳብጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው።

በርን እንውሰድ። ዝናብ ሲዘንብ በመስተዋቱ ላይ የሚወርደው ውሃ የት ይሄዳል? ከመስተዋቱ ስር ያለው ጎማ ከፊሉን ይመልሰዋል። የቀረው ወደ በሩ ሆድ ይገባል። መኪና ሠሪዎቹ ይህን ያውቃሉ። ከበሩ ግርጌ ትንንሽ ቀዳዳዎች የተዉትም ለዚህ ነው። የበር ሆድ ገና ሲታሰብ ጀምሮ እንደሚረጥብ ይታወቃል ማለት ነው። ቀዳዳዎቹ በአቧራና በቅጠል ሲደፈኑ ውሃው እዚያው ይተኛል። ግርጌው ላይ ደግሞ የውጭው ላሜራ ታጥፎ የውስጡን ያቀፈበት ቦታ አለ። ውሃ እዚያ እጥፋት ውስጥ አንዴ ከሰረገ በቀላሉ አይደርቅም።

ጠባብ እጥፋት ውስጥ ያለ ውሃ ኦክስጅኑ ቶሎ ያልቅበታል። ገላጣው የላሜራ ክፍል ላይ ያለው ውሃ ግን አየር እንደልብ ያገኛል። በዚህ ልዩነት የተነሳ አንዱ ላሜራ ራሱ እንደ ባትሪ ሁለት ጫፍ ያወጣል። የሚበላውም ኦክስጅን ያጣው፣ የተደበቀው ጎን ነው። ጨው ከተጨመረበት ይፋጠናል። ሌላም ነገር አለ፦ ዝገት ከተበላው ብረት በብዙ እጥፍ የሰፋ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ እጥፋቱን ከውስጥ ይፈለቅቀዋል፣ ለተጨማሪ ውሃም በር ይከፍታል።

እናም ከውጭ ቀለሙ ላይ ሽምብራ የምታህል እብጠት ስናይ የምናየው ጅማሬውን አይደለም፤ ማለቂያውን ነው። በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ስትሉት ጥስ ይላል።

ቀለም ብቻ ቢበቃ ኖሮ ፋብሪካዎቹ ያን ሁሉ ወጪ ምን አመጣባቸው? የዛሬ መኪና አካል ቀለም ከማየቱ በፊት ሙሉ በሙሉ ገንዳ ውስጥ ይነከራል። በኤሌክትሪክ ኃይል 20 ማይክሮን (0.02 ሚሊ ሜትር) ገደማ የሆነ ስስ ሽፋን በሆዱም፣ በጀርባውም ይጣበቅበታል። ከዚያ ምድጃ ውስጥ ይጋገራል። ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1975 የ911ን አካል በዚንክ ከተለበጠ ላሜራ መሥራት ሲጀምር፣ አውዲም በ1980ዎቹ ይህን መንገድ ሲከተል፣ ገንዘባቸውን ያፈሰሱት ገዢ በማያየው ጎን ላይ ነው። እኛ ደግሞ በያጅ ይዘን ስንመጣ መጀመሪያ የምናቃጥለው ይህንኑ ሽፋን ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ወደዚህ ይመለሳል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ደርቦ መበየድ።

ከዓመታት በፊት የራሴን መኪና የሾፌር በር ልክ ጽሑፉ እንደሚለው ሠርቼዋለሁ። ያኔ ጽሑፉ ባይኖርም ምክሩ ነበር። ቀዳዳው ላይ ላሜራ ደረብኩ፣ ዙሪያውን በየድኩ፣ አስተካከልኩ፣ ስቱኮ ቀባሁ፣ ቀለም ነፋሁ። አማረ። ለሰው ሁሉ አሳየሁ። ሁለተኛው ክረምት ሲወጣ ቀለሙ አበጠ። እብጠቱ ግን ተራ እብጠት አልነበረም። አራት ማዕዘን ነበር! የደረብኩት ላሜራ ቅርጹ በቀለሙ ላይ ተስሎ ወጣ።

ቆርጬ ሳየው ሥራዬ እንዳለ ነበር። ብየዳው አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም። ጸሐፊው እንደሚሉት ከፊት በኩል ጠብታ ውሃ አላሳለፈም። የተበላው ሌላ ቦታ ነው። በአሮጌው ላሜራና በአዲሱ መካከል ሁለት ጣት ያህል የተደራረበ ቦታ ነበር። እዚያ ውስጥ ቡናማ ዱቄት ሞልቷል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ከላይ ደርባችሁ ስትበይዱ የምትዘጉት በፊት በኩል ያለውን ጠርዝ ነው። በጀርባ በኩል የአሮጌው ላሜራ ቀዳዳ ጠርዝ ክፍት ሆኖ ይቀራል። በሁለቱ ላሜራዎች መካከል ወደ በሩ ሆድ የሚከፈት ቀጭን ስንጥቅ ሠርታችኋል ማለት ነው። ቅድም ያልኩት እጥፋት ዓይነት። ፋብሪካው በሽፋን የሸፈነው እጥፋት እንኳ ይዝጋል፤ እናንተ የሠራችሁት ደግሞ ሽፋኑ የተቃጠለ፣ ባዶ ብረት ነው። ውሃው ከጀርባ ይመጣል፣ ስንጥቁ ስቦ ያስገባዋል። «ብየዳው ከዞረ ውሃ መግቢያ የለውም» የሚለው አረፍተ ነገር ውሃ የሚመጣው ከውጭ ብቻ ከሆነ ያስኬዳል። አይደለም እንጂ።

ታዲያ ምን ይደረግ? የሚመረጠው ጫፍ ለጫፍ መግጠም ነው። የዛገው ክፍል ቀዳዳው ብቻ ሳይሆን እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ ተቆርጦ ይወጣል። አዲሱ ላሜራ በልኩ ተቆርጦ ክፍተቱ ውስጥ ይገባል። ድርብ የሚባል ነገር የለም፣ ስንጥቅም የለም። ከብየዳው በኋላ ፊቱም ጀርባውም ይጸዳል፣ ይቀባል። አስቸጋሪ ነው? አዎ። ልክ መውሰድና ማስተካከል ከብየዳው የበለጠ ጊዜ ይበላል። ደርቦ የሚበይድ ሰው ከሰዓት በፊት ሲጨርስ ጫፍ ለጫፍ የሚሠራው ገና ፋይል ይዞ ጠርዝ እየሞረደ ነው። ጸሐፊው «ለጀማሪ ደርቦ መበየድ ይቀላል» ማለታቸው ልክ ነው። ጀማሪ ስስ ላሜራን ጫፍ ለጫፍ ሲበይድ ቶሎ ይበሳዋል። ይህን አልክድም፤ እኔም ብዙ በስቻለሁ።

ደርቦ መበየድ ግድ የሚሆንበት ቦታም አለ። ፋብሪካው ራሱ ላሜራን በላሜራ ደርቦ በነጥብ ብየዳ ያያይዛል። ልዩነቱ ፋብሪካው ከዚያ በኋላ መላውን ይነክረዋል፣ መገጣጠሚያዎቹን በሲለር (በመገጣጠሚያ መድፈኛ ሙጫ) ይዘጋል፣ ባዶ ሣጥኖቹ ውስጥ ሰም የሚነፉም አሉ። እኛም ከደረብን የጀርባውን ጠርዝ ደርሰን ማጽዳት፣ ኢፖክሲ (ብረት ላይ አጥብቆ የሚይዝ መነሻ ቀለም) መቀባት፣ በሲለር መዝጋት አለብን። ጀርባው የማይደረስ ከሆነ መደረቡ የባሰ ነው።

«ሳያቋርጡ» የምትለዋ ቃል ሌላ ጣጣ አላት። የመኪና ውጫዊ ላሜራ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.7 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ስስ ነገር ላይ ረጅም መስመር ሳያቋርጡ ከበየዱ ብረቱ በሙቀት ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሸበሸባል። ሜዳ የነበረው በር ማዕበል ይሆናል። ማዕበሉን ለመሸፈን ብዙ ስቱኮ ይፈለጋል። ስቱኮው በወፈረ ቁጥር ይሰነጠቃል። አንዱ ስህተት ሌላውን እየጎተተ ይሄዳል። የሚሠራው ነጥብ ነጥብ እያደረጉ ነው። አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ፣ ከዚያ ማቆም፣ በእጅ ሲነካ እስኪበርድ መጠበቅ። 0.6 ሚሊ ሜትር ሽቦ ያለው ሚግ (ሽቦና መከላከያ ጋዝ እያወጣ የሚበይድ ማሽን) ለዚህ ይመቻል። ጥሩ ባቲላሜራ ሲበይድ ብታዩት የሚበይድበት ጊዜ ትንሽ ነው፤ የሚጠብቅበት ይበዛል። ነጥቦቹ ቀስ በቀስ ተገናኝተው መስመር ይሆናሉ። በመጨረሻ ጨለማ ውስጥ ከጀርባ መብራት ይበራል። ብርሃን የሚያሳልፍ የመርፌ ቀዳዳ ካለ እሱም ይደፈናል። ይህችን የመብራት ነገር አትናቋት፤ ስቱኮው ላይ ስንደርስ እንፈልጋታለን።

ስለ 2 ሚሊ ሜትሩ ላሜራ ብዙ አልልም። ወፍራም ብረት ዝገት እስኪበሳው ድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ ይህ ሂሳብ ነው፣ አልከራከርም። ግን አሮጌው ላሜራ ያው 0.8 ነው። 2 ሚሊ ሜትሩን ለማቅለጥ የሚበቃ ሙቀት 0.8ቱን ይበሳዋል። ሙቀቱን ለ0.8 ስትቀንሱ ደግሞ ብየዳው 2 ሚሊ ሜትሩ ላይ ሳይሰርግ ከላይ ቁጭ ይላል። አሮጌ ልብስ ላይ ወፍራም እራፊ ስትጥፉ የሚቀደደው እራፊው አይደለም፣ ከጎኑ ያለው ጨርቅ ነው። ለሻንሲ ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ የራሱን ውፍረት መጠቀም ይገባል። ለበርና ለፓራፋንጎ (ከጎማ በላይ ላለው ላሜራ) ግን ከነባሩ ጋር እኩል የሆነ ላሜራ ይበቃል።

ዚንኩን በተመለከተ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ላሜራ ከተደረበ ሁለቱ ፊቶች ከመገናኘታቸው በፊት ዚንክ ያለበት ፕራይመር (መነሻ ቀለም) ቢነፉ ጥሩ ነው። ዚንክ ከብረት ቀድሞ ራሱን ያስበላል። ትንሽ ጭረት ቢኖር እንኳ አጠገቡ ያለውን ብረት ያድናል። ስህተቱ «የውስጡ ነገር አለቀ» የሚለው ላይ ነው። ዚንክ 419 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይቀልጣል፣ 907 ላይ ይተናል። ብረት ለመቅለጥ 1500 ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ብየዳው ባረፈበትና በዙሪያው ዚንኩ የለም፤ ጭስ ሆኖ ሄዷል። መከላከያ በጣም በሚያስፈልግበት በዚያው ቦታ ማለት ነው። የተነነው ዚንክ የቀለጠው ብረት ውስጥ አረፋ እየሠራ ብየዳውን ወንፊት ያደርገዋል፣ ፍንጣሪም ያበዛል። ስለዚህ ሚግ የሚያርፍበትን ነጥብ ከዚንክ ማጽዳት፣ የቀረውን መተው፣ ከብየዳ በኋላ የተቃጠለውን እንደገና መሸፈን ያስፈልጋል።

ጋዙም ቢሆን የሚያድነው ፊቱን ብቻ ነው። የሚግ ጋዝ አየሩን ገፍቶ የቀለጠውን ብረት የሚከልለው ቶርቹ (የመበየጃው አፍ) ባለበት በኩል ነው። በጀርባ በኩል የጋለው ብረት ከአየር ጋር ተገናኝቶ ጥቁር ቅርፊት ያወጣል። ዙሪያው ላይ የነበረው የፋብሪካ ሽፋንም ይከስላል። ቅርፊቱና ከሰሉ ላይ የተቀባ ቀለም የቱንም ያህል ውድ ቢሆን አይዝም፤ ቅርፊቱ ሲረግፍ አብሮት ይረግፋል። ስለዚህ ጀርባው ከመቀባቱ በፊት በሽቦ ብሩሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ መፋቅ አለበት። ጽሑፉ ውስጥ ስለዚህ አንድ መስመር እንኳ የለም። ከጎደሉት ሁሉ እኔን የቆጨኝ ይህ ነው።

ከመንገድ ወጣ ልበልና፣ የዚንክ ጭስ ቀልድ አይደለም። ነጭ ጭሱን በዝግ ቤት ውስጥ የሳበ ሰው ከሰዓታት በኋላ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያተኩሰዋል። ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። «ወተት ከጠጣህ አይነካህም» የሚለውን የበያጆች ወሬ ግን እርሱት። ወተት ሆድ ነው የሚገባው፤ ጭሱ የሚገባው ሳንባ ነው። አየር የሚዘዋወርበት ቦታ፣ ተገቢ ማስክ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ዚንኩን ከብየዳው ቦታ ፍቆ ማንሳት።

«ስቱኮ ውሃ አያሳልፍም» የሚለው በጽሑፉ ውስጥ ብዙ ጉዳት የሚያመጣው ይመስለኛል። ምክንያቱም ደስ ይላል፤ ሰው ማመን ይፈልጋል። ስቱኮ ፖሊስተር ሙጫና እንደ ታልክ ያለ የድንጋይ ዱቄት ድብልቅ ነው። ሲደርቅ ድንጋይ ይመስላል። ነገር ግን በተለይ ከተፋቀ በኋላ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ እርጥበት ይመጥጣል። ማመን ያቃተው ይሞክረው። አንድ ቁራጭ ላሜራ እስኪያበራ ይፈቅና ግማሹ ላይ በቀጥታ ስቱኮ ይቀባ። ሌላው ግማሽ ላይ መጀመሪያ ኢፖክሲ፣ ከደረቀ በኋላ ስቱኮ። ሁለቱንም ከላይ ሳትቀቡ ዝናብ ላይ አስቀምጧቸውና ጥቂት ወራት ቆይታችሁ ስቱኮውን ፈንቅሉት። ከስር የምታዩት ከእኔ ክርክር ይሻላል።

በቀለም ከተሸፈነስ? ያኔ ከፊት የሚመጣ ውሃ ብዙም አያሰጋም። ይህን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። ስቱኮን ንጹሕ ባዶ ብረት ላይ በቀጥታ መቀባትም ወንጀል አይደለም። በደንብ ይይዛል፣ የሚፈቅዱ አምራቾችም አሉ። ጥያቄው ግን ያው የድሮው ነው፦ ከጀርባስ? ቅድም ያልኳት የመርፌ ቀዳዳ ትዝ ትበላችሁ። ብየዳው ላይ አንዲት ከቀረች ከበሩ ሆድ የሚመጣው እርጥበት በእሷ በኩል ስቱኮው ጀርባ ይደርሳል። ስቱኮው ይመጥጠዋል፣ ያስተኛዋል። ከስሩ ያለው ብረት ይዝጋል፣ ዝገቱ ይሰፋል፣ ስቱኮውን እንደ ክዳን ያነሳዋል። የእኔ በር ላይ ስቱኮው አንድ ሙሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ነው እጄ ላይ የወደቀው። ስቱኮ ቀዳዳ መድፈኛ አይደለም። ፋይበር ያለበት ዓይነት ውሃን የተሻለ ይቋቋማል፤ እሱም ቢሆን ብየዳን አይተካም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል። ብየዳው ካለቀ በኋላ ከፍ ያለው ብቻ ይፈጭ። ላሜራው ሰማያዊ እስኪሆን አይጋል፣ ከነባሩ ውፍረት በታችም አይሳሳ። ቅባት በማስለቀቂያ ይጠረግ። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አይነካ፤ የእጅ ላብ ጨው ነው፣ አሻራችሁ ቡናማ ሆኖ ሲወጣ ታዩታላችሁ። በዚያው ቀን ኢፖክሲ ፕራይመር በፊትም በጀርባም ይነፋ። ባዶ ብረትን «ነገ እቀባዋለሁ» ማለት ለዝገት ቀጠሮ መስጠት ነው። ስቱኮው ኢፖክሲው ላይ ይምጣ። ስቱኮን ደግሞ በውሃ አትፋቁት፤ በደረቅ ይፋቅ። ተራውን ግራጫ ፕራይመር አስነፍቶ ለወራት ደጅ የሚያቆም ሰው አለ። ያ ፕራይመር የተሠራው ለማለስለስ ነው፤ እርጥበት ያሳልፋል። የመጨረሻው ቀለም ካልመጣ በስሩ ዝገት ይጀምራል።

ዝገት ለዋጩን በአጭሩ። ጸሐፊው ዝገቱን «ወደ ብረት ይመልሰዋል» ይላሉ። አይመልሰውም። ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ፈሳሽ ዝገቱን ወደ ብረት ፎስፌት ይለውጠዋል። ታኒክ አሲድ ያለበት ደግሞ ወደ ጥቁር ውህድ ይለውጠዋል። ሁለቱም ከዝገት የተሻለ የረጋ ነገር ይሰጣሉ፤ ብረት ግን አይደሉም። ብረት ከሚወጣባቸው ማዕድናት አንዱ ሄማታይት ነው፤ የዝገት የቅርብ ዘመድ። እሱን ወደ ብረት ለመመለስ ግዙፍ ምድጃና የድንጋይ ከሰል ኮክ ያስፈልጋል። በጠርሙስ ፈሳሽ የሚሆን ቢሆን ኖሮ የብረት ፋብሪካዎች ምድጃቸውን ያጠፉ ነበር።

ፈሳሹ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ውፍረቱ ያልተነካ ግን ጉድጓድ ጉድጓድ የሠራ ብረት ላይ፣ ብሩሽ የማይደርስበት ጥቃቅን ዝገት ላይ እኔም እጠቀመዋለሁ። የላላው ከተራገፈ በኋላ፣ ስስ የቀረው ላይ፣ በላዩም ቀለም የሚመጣ ከሆነ። ወፍራም ዝገት ላይ ከቀባችሁት ግን የሚለወጠው ቆዳው ነው፣ ስሩ እንዳለ ነው። ድርብ ላሜራ መካከል ደግሞ ጭራሽ አይደርስም። ሌላም ማስጠንቀቂያ፦ አሲዱ ታጥቦ ሳይወጣ በላዩ ስቱኮ ከመጣ ስቱኮው በደንብ ላይጠነክር፣ ላይዝም ይችላል። ጽሑፉ ፈሳሹን ቀጥሎ ስቱኮውን ስለሚያዝ ይህን መናገር ግድ ነው።

የቀረው የስሩ ነገር ነው። ካትራም።

ንጹሕ፣ ኢፖክሲ የተቀባ፣ መገጣጠሚያው በሲለር የተዘጋ የመኪና ሆድ ላይ ድንጋይ የሚቋቋም ወፍራም ሽፋን መጨመር ጥሩ ነው። በዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ግን በጽሑፉ ፎቶ ላይ ካትራሙ የተቀባው ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ገባ ወጣ ተደርጎ ብቻ በተፋቀ ብረት ላይ ነው። ካትራም ሲያረጅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባ ውሃ ደግሞ መውጫ ያጣል፣ በካትራሙና በብረቱ መካከል ይተኛል። ከላይ ጥቁርና ያማረ ስለሆነ ማንም አያየውም። ሳይቀባ ቢቀር ኖሮ ቢያንስ ንፋስ ያደርቀው ነበር፣ ዓይንም ያየው ነበር።

«የተቃጠለ ዘይት ይበቃል» የሚሉ አስተያየት ሰጪዎችም ከጽሑፉ ስር አይቻለሁ። ዘይት ውሃን ያርቃል፣ ለጊዜው ይሠራል። ግን ቶሎ ይታጠባል፣ ጎማ ነክ ክፍሎችን ያበላሻል፣ መሬት ላይ ይንጠባጠባል፣ የጋለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) አጠገብ ደግሞ አያስተማምንም። ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ሰም ወይም ከበግ ሱፍ የሚወጣው ላኖሊን እያለ ዘይቱን ምን አመጣው?

ቀዳዳዎቹን ሁሉ መድፈን የሚለውን ግን በጭራሽ አልቀበልም። እዚህም ትንሽ መለየት ይገባል። መርገጫውና ወለሉ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች አንዳንዶቹ ለፋብሪካው ገንዳ የተበሱ ናቸው፤ አካሉ ሲነከር ፈሳሹ እንዲገባና እንዲወጣ። እነዚህ በኋላ በጎማ ክዳን ይዘጋሉ። ክዳኑ ከወደቀ መመለስ ተገቢ ነው፤ በዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ዝቅተኛው ቦታ ላይ ያሉት፣ ክዳን ያልነበራቸው ግን የውሃ መውጫዎች ናቸው። እነሱን መድፈን ባልዲ መሥራት ነው። «ውሃ ካልገባ መውጫ ምን ያደርጋል?» ይባል ይሆናል። ይገባላ! በመገጣጠሚያ ይገባል፣ በመስተዋት ጎማ ይገባል። በምንም ባይገባ እንኳ ቀን የሞቀው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ የላሜራው ግድግዳ ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል።

እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ቀለሙ ካለቀና በደንብ ከደረቀ በኋላ የውሃ መውጫዎቹን በሽቦ አጸዳለሁ። የበሩን የውስጥ ሽፋን አነሳለሁ። መርገጫው ከሆነ የጎማ ክዳኖቹን እነቅላለሁ። ዙሪያውን የሚረጭ ጫፍ ያለው ረጅም ቱቦ አስገብቼ ቀስ እያልኩ ወደ ኋላ እየሳብኩ ለባዶ ሣጥን የተሠራውን ቀጭን ሰም እነፋለሁ። ሰሙ ከደረቀም በኋላ ለስላሳ ነው፣ አይሰነጠቅም፣ ፈሳሽ ሳለ ወደ እጥፋቱ ይሰርጋል። ብየዳ ከዚያ በኋላ አይታሰብም፤ ሰሙ ይነዳል። ሰሙን መጨረሻ ላይ ያደረግኩትም ለዚህ ነው። ከዚያ መኪናውን ትንሽ ወደ አንድ ጎን አዘንብዬ፣ ከስር ካርቶን አንጥፌ እጠብቃለሁ። ሰሙ ከግርጌው ቀዳዳዎች በእያንዳንዳቸው መንጠብጠብ ሲጀምር እዚያ ድረስ ደርሷል ማለት ነው። ያልነጠበ ቀዳዳ ካለ ቱቦውን መልሼ አስገባለሁ።